ሁለተኛዋን ሌሊት የሚያድር እንግዳ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

«ደብረ ማርቆስ ምን የሚታይ ነገር አለ?»

ዛሬም ይኸው ጥያቄ። አንተም አፍ ቢኖርህ ሳትጠይቀኝ አትቀርም ነበር፣ ደብተሬ። የዛሬው ጠያቂ ጥብስ ጎርሷል። የአ.አ. አውቶቡስ ለምሳ ቆሟል፤ ሰውዬው የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠይቀኛል፣ መልሴን ግን አይጠብቅም። ባ/ዳርማ ሐይቅ አለው ይላል ለራሱ። እኔ ገና «እንግዲህ መጀመሪያ...» ብዬ እጄን ሳነሳ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ሁሉም ይሮጣል። ግማሽ ጥብስ። ግማሽ ለስላሳ። የሞቀ ወንበር። ከተማዬ ለመንገደኛ ይህቺው ናት፦ የምሳ ሰዓት።

ነገሩን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። በቱሪዝም ተመርቄ ከሰኔ ጀምሮ ቤት ተቀምጫለሁ። ትናንት ከእትዬ ዓለምነሽ ጋር ተስማማን። እትዬ ዓለምነሽ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላቸው፣ ከኋላው አልጋ ያከራያሉ። እንግዶቻቸው ወይ በልተው ይሄዳሉ፣ ወይ መሽቶባቸው አድረው ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። ሁለተኛ ሌሊት ያደረ ሰው አያውቁም። ስለዚህ እኔ ከተማውን በነጻ አዞራለሁ። አንድ መንገደኛ፣ አንድ ብቻ፣ በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ሌሊት እሳቸው ዘንድ ካደረ በደመወዝ ይቀጥሩኛል። አስጎብኚ! በሙያዬ! በከተማዬ!

ለምን በነጻ? ምክንያቱም ምንም የለም ብሎ ለሚያምን ሰው «ክፈልና ላሳይህ» ቢሉት ይስቃል።

ካልሆነስ? ካልሆነ አ.አ.። ወንድሜ ደረጀ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አግኝቶልኛል። ሰዎቹ የሚጠብቁኝ እስከ ጥቅምት 20 ነው። አሁን ደወለ። ደ/ማ ምን አለ ብለሽ ነው የምትቀመጪ አለኝ።

እሱም!! እዚሁ ተወልዶ!

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

መንገዱን ዛሬ ብቻዬን ሞከርኩት። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ዙር። ሐውልት የለበትም፣ ትኬት የለበትም። ማንም ያላሰበው ነገር ብቻ።

መጀመሪያ የባጃጅ ጀርባ ንባብ። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ሁሉም ባጃጅ እየተንፏቀቀ ነው የሚያልፈው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው በደንብ ይነበባል። «ብድር ነኝ፣ አትግጩኝ»። «አማቴን ሲያይ ይቆማል»። ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ የቅዳሜ የበግ ተራ፦ ድርድሩ ከቲያትር ይበልጣል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች መሐል የቅኔ ተማሪዎቹ። መጨረሻ ከከተማው ጫፍ ያለችው ጉብታ። ከዚያ ላይ ቆርቆሮው ሁሉ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ሐይቅ ይመስላል። (ባ/ዳር ይስማ!)

የቅኔ መምህሩን፣ የኔታን፣ አስፈቀድኩ። እንግዳ ላመጣ ነው፣ ቆሞ አይቶ ይሄዳል፣ አናስቸግርዎትም አልኳቸው። እህል ቀምሶ ነው ወይ የሚመጣው አሉኝ። አዎ፣ ቁርሱን በልቶ፣ አልኩ ኮራ ብዬ። ፊታቸው ጨለመ። «ታዲያ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ እማዬ የት ዋልሽ አለችኝ። ነገርኳት። ሽንኩርቷን ስትከትፍ ቆየች። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ዙረት ነው?»

ኤጭ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ከንዴቴ የተነሳ መጻፍ አልችልም። ግን ልጻፍ።

ትናንት ማታ ሜሮን የምትባል ነርስ መጣች። ፍኖተ ሰላም ተመድባ ወደ ሥራዋ የምትሄድ፣ ሳቂታ ልጅ። ሰኞ ነው የምጀምረው፣ ጊዜ አለኝ አለች። ጊዜ አለኝ!! ይህን ቃል ከመንገደኛ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ 3 ሰዓት ወጣን። ባጃጆቹን አነበብን። አንዱ ላይ «ባለቤቱን እኔም አላውቀውም» የሚል አግኝታ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሁለት ሌሊት ሳላድርማ አልሄድም አለች። በቃ፣ ተቀጠርኩ አልኩ በልቤ። በደመወዜ ለእማዬ ጫማ ሁሉ ገዛሁ፣ በሐሳቤ።

ከዚያ የበግ ተራ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ከአንድ ነጋዴ ጋር በአንዲት ነጭ በግ ተያይዘዋል። እሳቸው አይወርዱም፣ ሰውዬው አይወጣም። እኛ ዳር ቆመን እናያለን። ብቻ። ለማየት ነው የመጣነው። ሽማግሌው ዞረው ሜሮንን አዩአት።

«አንቺ መንገደኛ፣ አንቺ ፍረጅን። አድሎ የለብሽም።»

አትናገሪ ልላት አፌን ስከፍት እሷ መሐል ላይ ያለ ዋጋ ጠራች። በሳቅ። ነጋዴው እጁን አወናጭፎ ሄደ። ሽማግሌው ግን ገመዱን አንስተው እጇ ላይ አኖሩት።

«ይሁንልሽ። ለደግ ሰው ነው የወጣች።»

ሜሮን ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ሜሮን። የበግ ተራን ሕግ የረሳሁት እኔ ነኝ! በአገራችን ዋጋ የጠራ ገዥ ነው። ባለ በጉ ይሁን ካለ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ነውር ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ የአራት ዓመት ምሩቅ ግን «ቲያትር» ብዬ ወሰድኳት። አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ እንግዳ ናት አልኩ። ሽማግሌው (አያ ሙጬ ይባላሉ) ተገረሙ። «እንግዳ ስለሆነች አይደል የቀነስኩላት?»

ሜሮን ደግሞ በጓን ወደደቻት። ከፈለች። በግ እየጎተትን አልጋ ቤት ገባን።

አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ሜሮን ዛሬም ላድር ነው ትላለች። እትዬ ዓለምነሽ ግን በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «አልጋ አለኝ፣ በረት የለኝም!» እትዬ፣ ጓሮ እናስራት። የለም። እትዬ፣ እኔ አብሬያት አድራለሁ። የለም፣ አበባዬን ትበላለች። ለአንዲት የአበባ ማሰሮ!

8 ሰዓት ላይ ሜሮን በሚኒባስ ሄደች። በጓ ጣሪያው ላይ። ሁለቱም ወደ ኋላ እያዩኝ።

በነጻ ጉብኝት እንግዳዬን በግ አስገዛኋት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬ አልጽፍም።

ሜሮን ደወለች። በጓን ስሟን «አስጎብኚ» ብያታለሁ አለችኝ። ተኛሁ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ማንም። ምንም። መንገዱ ተዘጋ ሲባል፣ ተከፈተ ሲባል፣ ግማሹ አውቶቡስ ቀረ። ሁለት ሰዎች አድረው ነበር፣ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። አንዱ ምን ልትሸጭልኝ ነው አለኝ። በነጻ ነው አልኩት። ይበልጥ ፈራኝ፣ ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሌላዋ በስልኳ የባ/ዳርን ፎቶ እያየች አለፈችኝ። እያየች! በእግሯ ደ/ማ ቆማ!

የበግ ተራን ከዙሩ አወጣሁት። ከእንግዲህ ዋጋ ወደሚጠራበት ቦታ አልሄድም። ቅኔ ቤት ደኅና ነው። እዚያ የሚሸጥ የለም፣ የሚያግባባ የለም። ገብቶ መውጣት።

ደረጀ፦ ትመጫለሽ አትመጪም? እስከ 20 አልኩት። እትዬ ዓለምነሽ ደግሞ ቆመሽ ከምትቀሪ ሳህን አንሺ አሉኝ። አነሳሁ። ዲግሪዬን ይዤ ሳህን።

ለምን እንዲህ እንደምለፋ ለራሴም ይገርመኛል። አመሻሽ ላይ ብቻዬን ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው አብረቀረቀ፣ ከታች የማኅሌት ከበሮ የሚለማመድ ሰው አለ፣ ባሕር ዛፉ ሸተተኝ። ይህን አንድ ሰው ባሳየው። አንድ ሰው «ይሄማ አለ» ቢለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።

(ውሸት። ደመወዝም እፈልጋለሁ።)

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ምሽት 1 ሰዓት

መጣ! ማለቴ መጡ። ጋሽ ሰለሞን። የድሬዳዋ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ። ባ/ዳር እህታቸው ጋ ሲሄዱ መሽቶባቸው ወርደዋል። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ያው ጥያቄ። እኔም ነገ 3 ሰዓት በሩ ላይ ልጠብቅዎት አልኩ።

«አቦ፣ እርስዎ አትበይኝ! ገና ልጅ ነኝ!»

ልጅ አይደሉም፣ ጺማቸው ነጭ ነው። በአገራቸው ትልቅም ትንሽም አንተ ነው አሉ። ምላሴ እምቢ አለኝ፣ እርስዎ ላይ ቀረሁ። ነገ የኔታን አንተ እንዳይሏቸው ብቻ ፈጣሪዬን ለመንኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

የኔታን አንተ አሏቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባጃጆቹ ጥሩ ነበሩ። የድሬ ባጃጅ ላይ ከሚጻፈው እያወዳደሩ አሳቁኝ። ከዚያ ዛፎቹ መሐል ገባን። አንድ ተማሪ ነጠላውን ተከናንቦ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጋሽ ሰለሞን ሮጡ። «ልጁ ወድቋል! ውሃ አምጡ!» ጎትተው አነሱት። ልጁ ቅኔ እየቆጠረ ነበር፦ ተማሪዎቹ እንዲህ ብቻቸውን ተጋድመው ነው በልባቸው የሚገጥሙት። የቅኔው ቤት ሁሉ ጠፋበት፣ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ።

በጩኸቱ የኔታ ወጡ። ጋሽ ሰለሞን፣ «አባ፣ አንተ ነህ የዚህ ልጅ አስተማሪ?» አሉ። ተማሪዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም። የኔታ የልጁን ነጠላ አቃኑለት።

«እግዜርንም አንተ ነው የምንለው። እኔ ከማን እበልጣለሁ? ግቡ።»

መግባት ዙሩ ውስጥ የለም። ቆሞ አይቶ መሄድ ነው። ገባን። ተማሪዎቹ መንደር ለመንደር ዞረው የለመኑትን ቁራሽ ከየአኩፋዳቸው አውጥተው መሐል ላይ ደፉት። ጽጌን ይጾማሉ፤ የደረቀ እንጀራ፣ የዳቦ ጫፍ፣ በርበሬ። ለእኛ! ለምነው ያመጡትን! ቁርስ በልተናል አልኩ። የኔታ ቀና ብለው አዩኝ፣ ያን ዕለት የጠየቁኝ አሁን ገባኝ። ከዚህ ቤት ሳይቀምስ የወጣ እንግዳ ተማሪዎቹን ለማኝ አድርጎ ነው የሚሄደው። ከበላ ግን ባለ ቤት ናቸው።

ጋሽ ሰለሞን በሉ። ያ ወድቋል ብለው ያነሱት ልጅ አጎረሳቸው። አቦ አቦ እያሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወጥተን ብዙ አልተራመድንም፣ ቆሙ። ነገ እሑድ አይደል፣ ለእነዚህ ልጆች ትኩስ ዳቦ ሳላመጣ አልሄድም፣ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ አሉ።

አድራለሁ!!!

ያው ዕለት፣ 12፡30

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከጉብታዋ ስንወርድ (ወደዷት! «ይሄማ አለ» አሉ! ቃል በቃል!) አያ ሙጬን አገኘናቸው፣ የበጓን ባለቤት። ከገበያ ይመለሳሉ። በጓ በሰላም ገባች ወይ አሉኝ። ገባች። ይህስ ማነው አሉ። እኔ ሞኟ፣ ደስታዬን ለሰው ሁሉ መንገር የማይሰለቸኝ፣ ከድሬዳዋ የመጡ እንግዳዬ ናቸው፣ ዛሬም አልጋ ቤት ሊያድሩ ነው አልኩ። ደረቴን ነፍቼ።

አያ ሙጬ ዱላቸውን ተከሉ። «ሁለት ሌሊት አልጋ ቤት? ምነዋ፣ ዘመድ የለውም?»

«የላቸውም፣ አያ።»

«እንግዲህ አለው።»

የጋሽ ሰለሞንን ክንድ ያዙ። በቃ። አንድ ሌሊት ቢሆን መሽቶበት ነው ይባላል፣ ሁለተኛውን ሰው እያለ በብር ማደር ለአገሩ ስድብ ነው አሉ። እኔ አልጋው ተይዟል እላለሁ። እሳቸው አልጋ አይቀየምም ይላሉ። ጋሽ ሰለሞን መሐል ቆመው ይስቃሉ፣ ሥራዬ እንደሆነ አያውቁም፣ አልነገርኳቸውማ! ለማኝ መምሰል አልፈለግሁም። እስከ ቤታቸው ድረስ እየተከራከርኩ ተከተልኳቸው። በር ላይ አፈር ስሆን ግቢ ተባልኩ። እኔም በላሁ። አሁን ቤቴ ነኝ፣ በነጠላዬ የቋጠሩልኝን ድንች እያየሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ 2 ሰዓት

እትዬ ዓለምነሽ ጋ ሄጄ ተሟገትኩ። የጋሽ ሰለሞን ሻንጣ አልጋው ላይ ነው ያደረው አልኩ። ቁልፉም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ አድረዋል።

«ሻንጣ ቁርስ አይበላም፣ ልጄ።»

ያው ዕለት፣ 8 ሰዓት

ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። አያ ሙጬ ነጭ ጋቢ አልብሰዋቸዋል። ጋሽ ሰለሞን የያዙትን ዳቦ ለተማሪዎቹ ሰጡ። ተማሪዎቹ ምን አደረጉ? ያመጡላቸውን ዳቦ ቆርሰው መልሰው አበሏቸው። ከዚያ ሰንበቴ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ጠላና ዳቦ ይዞ ዋርካው ሥር ይቀመጣል፣ የመጣ ሁሉ ይቀምሳል። ከአንዱ ቦታ ሲነሱ ሌላው ይስባቸዋል። ከሰንበቴው ወሬ እንደገባኝ እሳቸውን የሚፈልግ ገና ሦስት ቤት አለ። ዙሬ ሁለት ሰዓት ነበር የሚፈጀው። ይኸው ሁለተኛ ቀኑ፣ አላለቀም!

አልቻልኩም። ጋሽ ሰለሞንን ወደ ጎን ስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራውን፣ ሁለተኛዋን ሌሊት፣ ጥቅምት 20ን።

«አቦ! ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር? ለዚህ ነው ፊትሽ እንደ ኮሶ ጠጪ የሆነው!»

አያ ሙጬንም አስጠሩ። አያ ሙጬ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እንጀራሽ ከሆነማ ለቀቅሁት» አሉ። ዛሬ ማታ አልጋ ቤት ያድራሉ። ከፍለው። ሁለተኛ ሌሊታቸው። ተፈጸመ። ለደረጀ ልደውልለት እጄ በላኝ፣ ነገ ይሁን።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ 4 ሰዓት

አንተ ደብተር፣ ወረቀትህን ቀድጄ ብበላህ ደስ ይለኛል።

ትናንት ማታ ጋሽ ሰለሞንን ይዤ ስገባ እትዬ ዓለምነሽ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸውም ሰንበቴ ነበሩ። «የዓለምነሽ እንግዳ ሙጬ ቤት አደረ» ሲባል ሰምተዋል። ሴቶቹ እሷማ ታስከፍላለች፣ እሷ ምን ታድርግ እያሉ እያዘኑላቸው! አዘኑልኝ አሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። እንግዳውን ምግብ ቤቱን አሳልፈው የራሳቸው ሳሎን አስገቡ። ራት በራሳቸው እጅ። ከዚያ አንደኛ ቁጥሩን ክፍል አስከፈቱ፣ አዲሱን ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን አወጡ።

ጠዋት ጋሽ ሰለሞን ቦርሳቸውን ሲያወጡ፣ «ልትሰድበኝ ነው?» አሉ እትዬ። ጋሽ ሰለሞን ወደ እኔ ዓይናቸውን ጠቀሱና ቦርሳውን መለሱ።

እሳቸው ወደ መናኸሪያ እንደወጡ እትዬን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ አደሩ ወይስ አላደሩም?»

«አደረ።»

«እርስዎ ዘንድ?»

«እኔ ዘንድ።»

«ሁለተኛ ሌሊት?»

«ሁለተኛ ሌሊት።»

«ታዲያ ሥራዬስ?»

«እንግዳ አደረ እንጂ ደንበኛ መች አደረ!»

ይህን እየተባባልን አልጋ አንጣፊዋ መጣች። ትራሱ ሥር ብር አስቀምጠው ሄደዋል። የሁለት ሌሊት ሒሳብ፣ ለእኔ ብለው። ልቤ ዘለለ። እትዬ ግን ብሩን እንደ እሳት ፍም በጣታቸው ጫፍ ይዘው እጄ ላይ ጣሉት፣ ሩጪ፣ አውቶቡሱ ሳይወጣ መልሽለት አሉ።

እና እኔ ሮጥኩ። ሮጥኩ! ማንም አላስገደደኝም፣ መንገድ ላይ ልቆም እችል ነበር፣ ይህ ብር ሥራዬ ነው ልል እችል ነበር። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በመስኮት ሰጠኋቸው፣ መለሱልኝ፣ ሰጠኋቸው፣ መለሱልኝ። «ሰኒዬ፣ ሥራሽ ነው አቦ!» እያሉ ይጮኻሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። በመጨረሻ ጠቅልዬ በመስኮቱ ወረወርኩትና ዞሬ ሄድኩ።

የቅጥር ደብዳቤዬን በገዛ እጄ ወረወርኩ። ለምን? ምክንያቱም ብወስደው ከሰንበቴው ሴቶች ፊት እንዴት አልፋለሁ? የኔታ ቢሰሙ? ያ ያጎረሳቸው ልጅ ቢሰማ?

እኔም ያው ነኝ። ሰው ሁሉ ሥራዬን አበላሸ ስል፣ እኔም ያው ነኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ቀትር

ጋሽ ሰለሞን ከባ/ዳር ደወሉ። ሐይቁን አይተዋል። ሐይቅ ነው አሉ፣ ውሃ ነው፣ ማንም ግባ አላለኝም። ቅዳሜ እህታቸውንና ባሏን ይዘው ይመለሳሉ። ለእነሱም የኔታን፣ ጉብታዋን፣ ባጃጆቹን ሊያሳዩ። ሁለት ሌሊት።

ለእትዬ ዓለምነሽ ሮጬ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ። ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ሦስት ሰው? ሁለት ሌሊት? በነጻ? ቤቴን ልትዘጊው ነው?»

«ያስከፍሏቸዋ!»

«እንዴት ብዬ? ሳሎኔ ገብቶ የበላን ሰው? የሱን እህት?»

ያኔ ነው የመጣልኝ። እትዬ ለማያውቁት ሰው ያስከፍላሉ፣ ለዚህ አይሰንፉም። ስሙን ከጠየቁት፣ አንድ ጊዜ ካጎረሱት ግን አይችሉም። የእኔ ዙር ደግሞ ሰውን ሁሉ አንድ ቀን ሳይሞላ ዘመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ሒሳቡ ከዙሩ በፊት ይከፈል። ገና ሻንጣውን እንደያዘ፣ ስሙ ሳይጠየቅ፣ የሁለት ሌሊት። ከዚያ ሰውዬው የትም ቢያድር፣ ሙጬ ቤትም ቢሆን፣ አልጋው ተከፍሎበታል። ስድብም የለበትም፤ ለባዕድ ነው ያስከፈልነው።

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ፣ እኔ ግን ስም ሳልጠይቅ አልችልም፣ አፌ አያርፍም አሉ። «አንቺ ተቀበያቸው። አንቺ ልበ ደረቅ ነሽ፣ ተምረሻል።»

ስድብ ነው ሹመት? አላወቅሁም። ደመወዝ አለው ወይ አልኩ። አለው አሉ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

ደረጀ ጋ ደወልኩ። አልመጣም አልኩት። ሥራ አገኘሽ? አገኘሁ። አስጎብኚነት? አስጎብኚና... ገንዘብ ተቀባይ። ገንዘብ ተቀባይ ለመሆንማ አዲስ አበባ ምን አነሰ አለኝ። እኔም፣ ደሬ፣ አንተ ከዚህ ከሄድክ ወዲህ ጉብታዋ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ አልኩት። የቷ ጉብታ አለ። ና አሳይሃለሁ አልኩት። ለአንተ ግን ቅድሚያ ክፍያ ነው።

ሳቀ። ልምጣ ይሆን አለ። ውሸቱን ነው፣ ግን አለ።

እማዬ ስትሰማ ሽንኩርቷን አስቀመጠች። ዙረትም እንጀራ ሆነ በይኛ አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችኝ።

አሁን አልጋ ቤቱ በር ላይ ነኝ። የለስላሳ ሳጥን ክዳን ካርቶን አግኝቻለሁ። ነገ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም የሚሰቀል። መጀመሪያ እዚህ ልሞክረው፦

«ደብረ ማርቆስ ምን የሚታይ ነገር አለ ለምትሉ።
ጠዋት 3 ሰዓት እዚህ በር ላይ ነኝ። ዙሩ በነጻ ነው። መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፣ አትጠይቁኝ።
የበግ ተራ ዋጋ አትጥሩ።
የተኛ ተማሪ አትቀስቅሱ።
ቁርስ ሳትበሉ ኑ።
ትመጣላችሁ? ከታች ባለው ቦታ ስማችሁን ጻፉልኝ።»

አይ። ስም አይሆንም፣ ስማቸውን ካወቅሁ የአልጋውን አላስከፍልም። ልሰርዘው።

«ትመጣላችሁ? ከታች ባለው ቦታ ምልክት አድርጉልኝ።»

እስክሪብቶ በክር አስሬ እሰቅላለሁ።